ያልጠጣ አይሸናም

ውሻችን ስም የለውም። ባሌ ከጉባ በጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣው ዕለት «ስም አውጣለት እንጂ» ስለው «ትንሽ ከፍ ይበልና ጠባዩን አይተን እናወጣለታለን» አለኝ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ፣ ጠባዩን አሁንም እያየን ነው። እስከዚያው «አንተ» እንለዋለን። ባሌ ለዕረፍት በመጣበት ሰሞን «አንተ፣ ና ብላ!» ስል ሁለቱም ይመጣሉ። ድሮ ቀድሞ የሚደርሰው ውሻው ነበር፤ አሁን እርጅና ስለተጫነው እኩል ይደርሳሉ።

የምንኖረው አሶሳ፣ አንድ የበርታ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ሽማግሌው በንግድ ዘመናቸው ሰሊጥና ከርከዴ ሲያመላልሱ ኖረው፣ መካም ደርሰው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ባሌ ጉባ ግድቡ ላይ የማሽን ኦፕሬተር ስለሆነ ቤት የሚገኘው በወር አንዴ፣ ያውም ሲሳካለት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ ዘርግቼ ስለምውል በግቢው ውስጥ ከዓይኔ የሚያመልጥ ነገር የለም፤ ቢያመልጠኝም አላምንም። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ባድግም ዕቃ የማጥበውም ሰው የምቆጣውም እንደ እናቴ ነው።

ቤቱን የተከራየን ሰሞን ሐጂ ቡችላውን ትክ ብለው አዩት። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ወይም ዕቃቸውን ከነካ ለሶላት የሚያስፈልገው ንጽሕና ይበላሽባቸዋል፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ግቢው መካከል ያለውን የኒም ዛፍ በከዘራቸው አሳዩኝ።

«ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁላችንም ለእሳቸው እኩል ነን። «ከኒም ወዲህ ያንተ ውሻ። ከኒም ወዲያ እኔ። እሱ እኔን አይነካም፣ እኔ እሱን አልነካም። ዚር ከነካ ግን ውሻ ይሄዳል። ተስማማህ?»

«ተስማማሁ ሐጂ» አልኩ።

ዚር የሚሏት ከኒሙ ወዲያ፣ የቀርከሃው በር አጠገብ ያለችውን የሸክላ ጋን ነው። እስከ ሆዷ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብራለች፤ የእንጨት ክዳንና በገመድ የታሰረ የቆርቆሮ ጣሳ አላት። ሐጂ በየማለዳው በገዛ እጃቸው ይሞሏታል። ለራሳቸው ብለው አይደለም፤ ለመንገደኛ የሚያኖሩት ሰደቃ ነው። ከሰል ተሸክማ የምታልፍ ሴት ትሁን፣ ባጃጅ ነጂ ይሁን፣ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በሩ ክፍት ነው፣ ገብቶ ይጠጣል። አፍሮ በር ላይ የሚያመነታ ካለ ሐጂ ከተቀመጡበት ሆነው «ኢሽረብ!» ብለው ይጮኹበታል። ጠጣ ማለት ነው። ድምፃቸው ቁጣ ስለሚመስል አዲስ ሰው ደንግጦ ሁለት ጣሳ ይጠጣል።

ውሻው ይህን ውል ከእኔ በላይ አከበረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኒሙ ግንድ አንድ እርምጃ አላለፈም። ድመት ሲያባርር እንኳ ኒሙ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይይዝና ቁጭ ብሎ በዓይኑ ይሸኛታል። ድመቶቹም ይህን አውቀው ዛፉን ካለፉ በኋላ ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሲያልፉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ በትንፋሹም እንዳይነካቸው የሚጠነቀቅ ይመስለኝ ነበር። ሐጂም አንድ ቀን አናግረውት አያውቁም። እንዲሁ እንደተከባበሩ አብረው አረጁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው መጋቢት ነው። የአሶሳ መጋቢት የቤቱን ቆርቆሮ ያንጣጣል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ማንጎ ዛፍ ሥር ሲፈልግ ነው የሚውለው። ስለዚህ ውሻው የውሃ ዕቃውን ገና አራት ሰዓት ሳይሆን ጭልጥ ሲያደርግ አልገረመኝም። ዕቃው የድሮ የቀለም ባልዲ ነው፣ ትንሽ አይደለም። ሞላሁለት፤ ጨረሰው። ደግሜ ሞላሁለት፤ ጨርሶ ባልዲውን በአፍንጫው እየገፋ መኪናዬ ሥር ድረስ አመጣው። ከዚያ የእግር መታጠቢያዬን፣ ቀጥሎ ልብስ ስተኩስ የምረጭበትን ጣሳ ጠጣ። ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ መጣ ሲባል ሮጬ ጀሪካን የምደረድረው እኔ ነኝ። «አንተ፣ ግመል ነህ እንዴ?» እለዋለሁ። ቀና ብሎ ያየኝና ጅራቱን አንድ ጊዜ ይወዘውዛል። ሁለት ጊዜ መወዝወዝ ከተወ ቆይቷል።

በሳምንቱ ቤት ውስጥ ኩሬ አገኘሁ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ እርጥብ ውስጥ ገባ። አጎንብሼ አሸተትኩ፤ ምንም አይሸትም። ጥርት ያለ ውሃ ነው። ጣሪያው አፈሰሰ እንዳልል ዝናብ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ስለዚህ ጥፋተኛው ጀሪካኑ ነው ብዬ ፈረድኩና ጉባ ደወልኩ።

«ጀሪካኑ ያፈሳል» አልኩት ባሌን።

«ሳሙና ለጥፊበት።»

«የት ጋ እንደሚያፈስ አይታይም እኮ።»

«እንግዲያው ሁሉንም ሳሙና ቀቢው» አለኝ፤ ከኋላው ማሽን ይጮኻል።

ቀባሁት። በማግስቱ ኩሬው ከጀሪካኑ ርቆ፣ በሩ ሥር ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ሥር። እግር ያለው ጀሪካን ሆነብኝ። እውነቱን ለመናገር ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። በዕድሜው ሙሉ አንድ ጠብታ ቤት ውስጥ ያላፈሰሰውን ውሻ መጠርጠር ከብዶኝ እንጂ ጀሪካን እንደማይራመድ አውቃለሁ።

እጅ ከፍንጅ የያዝኩት በጠራራ ፀሐይ ነው። ለአንዲት አስተማሪ ለበዓል የምሰፋውን ነጭ ጨርቅ ቆርጬ ሰሌን ላይ ዘርግቼ፣ ክር ልፈልግ ወደ ውስጥ ገባ አልኩ። ስመለስ ውሻው ጨርቁ መሃል ቆሟል። እግሩን እንኳ አላነሳም። ከሥሩ እየሰፋ የሚሄደውን እርጥበት ከእኔ እኩል እየተገረመ ያየዋል። ጮኽኩ። የጮኽኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ «ካረጁ አይበጁ» የሚለው ከሁሉም የለሰለሰው ነበር። ጨርቁን አምስት ጊዜ አጠብኩት። ለአስተማሪዋ «በኋላ ታጥቦ እንዳያጥርብሽ ቀድሜ ዘፈዘፍኩልሽ» አልኳትና ምስጋናዋን ሳላፍር ተቀበልኩ።

ያን ዕለት ፍርዴን ሰጠሁ። ያልጠጣ አይሸናም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። «ከሰባት ሰዓት በኋላ ውሃ የለም!» አልኩት ጣቴን ቀስሬ፤ ባልዲውንም አንስቼ የበረንዳው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ማታ ለባሌ በስልክ ነገርኩት።

«አንቺ፣ ሽማግሌ ነው፣ ተይው እንጂ» አለኝ።

«አንተ ዓባይን ስትገድብ ማን ተው አለህ? እኔ አንድ ውሻ ብገድብ ምናለበት?»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያ ሳቃችን አሁን ትዝ ሲለኝ ደስ አይለኝም።

ሁለት ቀን ሠራልኝ። ኩሬዎቹ አነሱ። ውሻው ግን ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብሎ ባልዲውን ያያል። አይጮኽም፣ አያላዝንም፤ ምላሱን አውጥቶ ዝም ብሎ ያያል። «የዛሬው አልቋል» እለዋለሁ መኪናዬን እየረገጥኩ።

ሦስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ሐጂ ከዋዜማው ለለቅሶ ባምባሲ ሄደዋል። ዓርብ ከጁምዓ በፊት እመለሳለሁ ብለው ጋኗን ለእኔ አደራ ሰጥተውኛል፤ ጠዋት መሙላት፣ ክዳኗን መክደን፣ ሌላ ሥራ የለውም። መሙላቱን ሞላሁ። ክዳኗን ግን አንዱ መንገደኛ ሳይከድናት ሄደ ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ፤ የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ነው። ረስቼ የተውኩት እኔ ነኝ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ከስፌቴ ቀና ስል ውሻው ኒሙ ጋ ቆሟል። አንድ እግሩን አንስቶ ከግንዱ ወዲያ አሳረፈ። መለሰው። ዞሮ አየኝ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጣትን መሬት ረግጦ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ፣ እስከ ጆሮው ጋኗ ውስጥ ገባ። የምላሱ ድምፅ በረንዳው ድረስ ይሰማኝ ነበር። መጮህ እችል ነበር፤ አልጮኽኩም። እንደዚያ አድርጎ የሚጠጣ ፍጥረት አይቼ አላውቅም።

ፍርሃቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ዚር ከነካ ውሻ ይሄዳል። ሐጂ በቃላቸው የሚቆሙ ሰው ናቸው፣ እኔም ተስማምቻለሁ። ይህ ውሻ በዚህ ዕድሜው የት ይሄዳል? ባምባሲ እርሻ ያለው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አውቃለሁ፤ ጠባቂ ውሻ እፈልጋለሁ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚፈልገው ጠባቂ እንጂ ሲጠጣ ውሎ ባለበት የሚሸና ሽማግሌ አይደለም። በሳምንቱ ጫካ ይጥለዋል። ባሌስ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ስለዚህ ወሰንኩ። ጋኗን አጥባታለሁ፣ ሐጂም ሳያውቁ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው የእናቴ ልጅ መሆኔ ጉድ የሠራኝ። እኛ ቤት ጋን ታጠበ የሚባለው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ በወይራ ጭስ ሲታጠን ነው። ከዚያ ያነሰው መለቃለቅ ይባላል። ከአጥሩ ሥር ግራዋ ሸመጠጥኩ። ጋኗን ከአሸዋው አውጥቼ፣ ውሃዋን ለማንጎው አጠጥቼ፣ ክንዴ እስኪዝል አሸኋት። ዘመድ ከወሎ የላከልኝን ወይራ ፍም ላይ አደረግኩና ጋኗን ደፋሁበት፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ውስጧ ጠቁሮ አብለጨለጨ። እናቴ ብታየኝ ትመርቀኝ ነበር። መልሼ ቀበርኳት፣ የሁለት ቀን ውሃዬን ገለበጥኩባት፣ ክዳኗ ላይም ድንጋይ ጫንኩበት።

የመጀመሪያው ጠጪ አንድ ባጃጅ ነጂ ነበር። አንዴ ተጎነጨና ዓይኑን አፍጥጦ ጣሳው ውስጥ ተመለከተ።

«እትዬ፣ ሐጂ ጠላ ጀመሩ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ጠጣ!»

ቀጥላ ከሰል ሻጯ ጠጣች፤ «ሞቀ» ብላ ሄደች። እውነትም ሞቋል። የሐጂ ጋን ውሃ በመጋቢት ጥርስ ያሳምማል ይባል ነበር፤ አሁን ለሻይ የተጣደ መሰለ። አሸዋውን ውሃ አጠጣሁት፣ ጆንያ አርጥቤ አለበስኳት፤ ወይ ፍንክች። አንድ የወሎ ሰፋሪ ሽማግሌ ብቻ ሦስት ጣሳ ጠጥተው «እሰይ ልጄ፣ ያገራችንን ቤት አሸተትኩ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃታቸው ይባስ አስፈራኝ። ለእሳቸው እንዲህ የሸተተ ለሐጂ እንዴት ሊሸት ነው?

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ሐጂ አቧራ ለብሰው ገቡ። ከሰላምታ በፊት ጣሳውን አነሱ። ቢስሚላህ ብለው ተጎነጩ፣ ዋጡ። ጣሳውን አሸተቱ። ክዳኑን አሸተቱ። ከዚያ ተንበርክከው የጋኗን ሆድ፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ፣ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ያ ቢንቲ። ዚር ታሟል?»

«ጽዳት ነው ሐጂ። አጠብኩልዎ።»

«ለምን አጠብክ?»

«አቧራው...» ብዬ ሳልጨርስ ውሻው ከቤት ወጣ፣ ኒሙ ጋ ደረሰ፣ ጋኗን አየና ከንፈሩን ላሰ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ የእኔው ሌባ ዳኛው ፊት ላሰ። ሐጂ እሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

እኔ ስፈራ እቆጣለሁ፤ ስቆጣ ደግሞ እውነቱ ያመልጠኛል። «አዎ፣ ጠጣ! ረቡዕ ዕለት ጠጣ! ግን በግራዋ አሽቻታለሁ፣ በወይራ አጥኛታለሁ፣ ከእንግዲህ ከዚህች ጋን የጸዳ ነገር አሶሳ ውስጥ የለም!»

«በወይራ?» አሉ።

«ሦስቴ!»

ቀስ ብለው አሸዋው ዳር ተቀመጡ። «እኛ ውሻ ከነካ ሰባት ጊዜ በውሃ ነው። አንዱ ከአፈር ጋር። በቃ። ጭስ የለም።» ሸክላዋን በጣታቸው አንኳኩ። «ዚር ቆዳ አለው። ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። ሲያልበው ውሃ ይቀዘቅዛል። አንተ ጭስ አበላኸው። ቆዳው ተዘጋ።»

እንባዬ መጣ። «ይቅርታ ሐጂ። ቃሌን አውቀዋለሁ። ውሻውን ባምባሲ የሚወስድልኝ ሹፌር እጠይቃለሁ።»

«ባምባሲ አሁን ነው የመጣሁት» አሉ። «ውሻ ሞልቷል።» ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «ለምን ጠጣ? አሥራ አንድ ዓመት አልጠጣም። አንተ ቤት ውሃ የለም?»

ውሃስ ነበረ። መደርደሪያው ላይ የሰቀልኩት ባልዲ ከተቀመጡበት ይታያቸዋል። «ቤት ውስጥ እየሸና ስላስቸገረኝ ነው» አልኩ። «ከሰባት ሰዓት በኋላ ከለከልኩት።»

ሐጂ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልጮኹም፤ እንዲያውም ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ለመንገደኛ ውሃ አስቀምጣለሁ። ለማላውቀው ሰው። እኔ ግቢ ውስጥ ጥም አለ? እኔ ግቢ?» ጀለቢያቸውን አራግፈው ተነሱ። «እኔም ሽማግሌ ነኝ። ውሃ እጠጣለሁ፣ ቶሎ ቶሎ እወጣለሁ። ነገ የእኔን ጣሳ ትሰቅላለህ?»

ሐጂ በር ላይ ወጥተው የሚያልፈውን ባጃጅ በከዘራቸው አስቆሙና «ሐኪም ይየው» ብለውኝ ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

ነጂው ያው ስለ ጠላው የጠየቀኝ ሰው ነበር።

«ይናከሳል?»

«አይናከስም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ይሸናል።»

ወንበሩን አየ፣ ውሻውን አየ፣ ከዚያ ከመቀመጫው ሥር ላስቲክ አውጥቶ አነጠፈ። መንገድ ላይ ላስቲኩ ሥራውን ሠራ።

የእንስሳት ሐኪሙ ጠዋቱን በበሬና በፍየል ያሳለፈ ሰው ነው። ውሻ ሲያይ ወረቀቱን አነሳና «ማንን ነከሰ?» አለኝ። ማንንም እንዳልነከሰ፣ ብዙ እየጠጣ ቤት ውስጥ እየሸና መሆኑን ስነግረው ወረቀቱን አስቀመጠ። ድዱን ገልጦ አየ። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው ወደ ቦታው ለመመለስ ዘገየ።

«ሽንቱ ምን ይመስላል?»

«ውሃ። ሽታም የለውም። ጀሪካን ያፈሰሰ መስሎኝ ነበር።»

ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ያለ ምርመራ ይሄ ነው ብዬ አልምልልሽም፤ ስኳርም እንዲህ ያደርጋል። ዕድሜውንና ክሳቱን ሳይ ግን ኩላሊቱ ይመስለኛል። ያረጀ ኩላሊት ውሃ መያዝ ያቅተዋል። አንቺ ስለሚጠጣ የሚሸና መስሎሻል። እሱ ግን የሚጠጣው ስለሚፈስበት ነው፤ የወጣበትን ሊተካ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ውሃ አልከለከልሽውም አይደል? እንዲህ ያለውን ትንሽ ቀን ብትከለክይው ትገድይዋለሽ።»

መልሴን ሳይጠብቅ ማድረግ ያለብኝን ነገረኝ። ውሃ ቀንም ሌሊትም ከፊቱ አይጥፋ፤ ቶሎ ቶሎ ደጅ አውጪው፤ የሚተኛበት ላይ የሚታጠብ ነገር አንጥፊለት፤ አትቆጪው። ስንመለስ የውሻው ጭንቅላት ጉልበቴ ላይ ነበር። ከዓይኔ የሚያመልጥ የለም እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ምላሱን ያወጣውን አላየሁም። አፈርኩ። ሁለት ቀን ሠራልኝ ብዬ መደሰቴን ሳስብ ደግሞ ደነገጥኩ።

ቤት ገብተን ባልዲውን አወረድኩ፣ እስከ አፉ ሞላሁት፣ ፊቱ አስቀመጥኩት። አልጠጣም። ባልዲውን ያያል፣ እኔን ያያል። ሰዓቱ ከሰባት አልፏል። «ጠጣ እንጂ» አልኩት። ፍንክች አላለም፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ውሃ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከባልዲው በእፍኜ እየጨለፍኩ ራሴ ጠጣሁለት። ያን ጊዜ ቀረበና፣ አንድ ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ፣ ጠጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ፈቃድ አይጠጣም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አንዴ ያስተማርኩትን ትምህርት ላስረሳው አልቻልኩም። ሲጠማው ውሃው ጋ ቆሞ ያየኛል፤ እኔ ከመኪናዬ ቀና ብዬ «ጠጣ» እላለሁ። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ወገባቸውን ስለካቸው «ጠጣ!» ስል የሚደነግጡ ደንበኞች ነበሩ፤ አሁን እነሱም እየለመዱት ነው። ለማለት ዘግይቼ እንደሆን ቆሞ ይጠብቃል፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ።

ሽንቱንስ? እሱን በሙያዬ ልወጣው ሞክሬ ነበር። ከተማሪዎች ዩኒፎርም ከተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ፣ በውስጡ ፎጣ ያለው ሱሪ ሰፋሁለት፤ ለጅራቱ ቀዳዳ፣ ለወገቡ ላስቲክ ሳይቀር። ለብሶት ሲወጣ ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ትምህርት ቤት ገባ?» አሉኝ። ውሻው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ሱሪውን በጥርሱ አወለቀና አጠገቡ ሸና። ከዚያ ወዲህ በመወልወያ ነው የምንተዳደረው። ባሌ ወሩ መጨረሻ ላይ መጥቶ ቤቱን ሦስት ጊዜ ወለወለ። «ግድቡስ?» ብሎ ሲስቅብኝ መወልወያውን ይዤ አባረርኩት።

ሐጂ ሐኪም ጋ በሄድን ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ አዲስ ጋን አምጥተው በቦታዋ ቀብረዋል። የጭሷን ጋን እያንከባለሉ ከኒሙ ወዲህ አሳለፏትና «ይሄ የሽማግሌው» አሉ። እኔ መሬቱን ቆፍሬ ዝቅ አድርጌ ተከልኳት። ውሃዋ ይሞቃል፣ ወይራ ወይራም ይላል፤ ውሻው ግን አልጠላውም፤ ለነገሩ እሱም የወሎ ሰው ቤት ነው ያደገው። ጠዋት ሐጂ መጀመሪያ የመንገደኛውን ይሞላሉ፣ ከዚያ ከኒሙ ወዲያ ቆመው፣ ወሰኗን ሳያልፉ፣ በጆግ የእሱን ይገለብጡበታል። ግማሹ ውጭ ይፈሳል።

ባለፈው ቅዳሜ ባሚያና ክር ልገዛ ገበያ ሄጄ ቆየሁ። አንዷን የጥንት ወዳጄን አገኘሁና ወሬ ያዘኝ። ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ፤ ጠጣ የሚለው ሰው ቤት የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባጃጅ ባጣ በእግሬ ሮጥኩ፤ ባሚያው በየመንገዱ ተንጠባጠበ።

በቀርከሃው አጥር ስንጥቅ ቀድሞ የታየኝ ውሻው ነው። የራሱ ጋን ጋ ቆሞ፣ ባዶውን የስፌት መኪናዬን እያየ ይጠብቃል። ምላሱ ወጥቷል። ሐጂ ኒሙ ሥር ናቸው፣ ለሶላት ታጥበው ጨርሰዋል፤ ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ይዘዋል። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ተናግረውት አያውቁም።

«ኢሽረብ» አሉት።

ለመንገደኛ እንደሚጮኹት አልነበረም፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። ውሻው ዞረ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም፤ ቀጥ ብሎ አያቸው።

«ኢሽረብ፣ ያ ሸይባ። አንተ ሽማግሌ፣ ጠጣ። እሱ ይመጣል።»

እሱ ያሉት እኔን ነው። ውሻው ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ረጅም ጠጣ። ገብቼ እንዳላቋርጣቸው ዘንቢሌን ይዤ አጥሩ ሥር ቆምኩ፤ እንባዬን በክንዴ ጠረግኩ። ሲጨርስ እዚያው እንደቆመ ሸና፤ ሽንቱ ወደ ኒሙ ወረደ። ሐጂ ጀለቢያቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ እንጂ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።